ሲኖውን ማን ያቁመው? የልዕለ ጀግኖችን ኃይል የማጣመሪያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ኮሚክስ መሳል የጀመሩ ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቸከላሉ። ጀግኖቹ አሉ። አንዱ ጉልበተኛ ነው፣ አንዷ ፈጣን ናት፣ ሌላው ደግሞ ምን እንደሚሠራ ግራ የሚያጋባ ኃይል አለው። ልብሳቸው ተስሏል፣ ስም ወጥቶላቸዋል። ከዚያ «አሁን አብረው ይዋጉ» ሲባል ሦስቱም ተደርድረው ጠላትን በየተራ ይመታሉ። ዘይት ለመግዛት ወረፋ የያዙ ነው የሚመስሉት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ቀላል ነው። ሠዓሊው ግን ድሩ እንዴት እንደተገመደና አንበሳው በየት በኩል እንደታሰረ ማሳየት አለበት። ስለዚህ በኮሚክስ ዓለም የተለመዱትን የማጣመሪያ መንገዶች ላወዳድራቸው። ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሁሉንም በአንድ ፈተና ላይ እንሞክራቸዋለን። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈተናው

ቦታው ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው መንገድ ነው። ዳርና ዳሩ ባሕር ዛፍ ነው። ወደታች ድል በር አለ። ከዚያ ደግሞ ሰው የሚተራመስበት አዲሱ ገበያ። አንድ ሲኖ ሙሉ ድንጋይ ጭኖ እየወረደ ሳለ ፍሬን በጠሰ። ሹፌሩ ክላክሱን ተጭኖ አልለቀቀም። ረዳቱ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ «ዞር በሉ!» እያለ ይጮሃል።

ጀግኖቻችን ሦስት ናቸው። ጫኙ የድንጋይ ጫኝና አውራጅ ነው፤ የአሥር ሰው ጉልበት አለው። ሯጯ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የምትለማመድ ልጅ ናት፤ ከመኪና ትፈጥናለች። ሦስተኛው የጭቃው ልጅ ነው። የነካው አፈር ጭቃ ይሆናል። ክረምት ከነጭቃው በሚከርምበት የከተማ ዳር ይኼን ኃይል ማግኘት ስድብ ነው። ሰፈሩ «ጭቃ ጠፍቶብን ነው?» ብሎ ይስቅበታል።

ደንቡ አንድ ነው። ማንም ብቻውን ሲኖውን ማቆም አይችልም። ጫኙም ቢሆን ፊት ለፊት ቢቆም ይጨፈለቃል። አንዱ ብቻውን የሚችለው ከሆነ የቀሩት ተመልካች ናቸው፤ ተመልካች ደግሞ ልዩ ልብስ አያስፈልገውም።

እያንዳንዱን መንገድ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንዱ ጀግና ቢቀር ምን ይፈርሳል? ምንም የማይፈርስ ከሆነ ኃይሎቹ አልተጣመሩም።

ጎን ለጎን

ሁሉም የየራሱን ሥራ ይሠራል። ሯጯ መንገዱን ታጸዳለች። የቆመ ባጃጅ ትገፋለች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን ታነሳለች፣ በቆሎ የምትጠብሰውን ሴትዮ ከነከሰሏ ወደ ዳር ታወጣለች። ጫኙ ትልልቅ ድንጋይ መንገዱ ላይ ይከምራል። የጭቃው ልጅ ታች ሆኖ ይጠብቃል።

ለመሳል ቀላል ነው። አንባቢም ማን ምን እንደሚችል ቶሎ ይለያል። ችግሩ ነገሩ ደቦ መሆኑ ላይ ነው። ደቦ ላይ አንድ ሰው ቢቀር አጨዳው ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ሯጯ ባትኖር ሰው ይጎዳል፣ የጫኙ ሥራ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። እርስ በርስ አልተነካኩም።

ፋንታስቲክ ፎር የተባለው የአራት ልዕለ ጀግኖች ኮሚክስ በ1961 ሲጀምር ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር። አንዱ ይለጠጣል፣ አንዱ በእሳት ይነድዳል፣ አንዱ እንደ ዓለት ጠንካራ ነው፣ የሚነድደው ልጅ እኅት ሱዛን ደግሞ ትሰወራለች። መሰወር ለመደበቅና ለመሰለል ይጠቅማል። የወንድሟን እሳት ግን ምንም አያደርገውም። በ1964 ደራሲዎቹ የማይታይ ጋሻ የመዘርጋት ኃይል ጨመሩላት፣ ነገሩም ተለወጠ። አሁን እሳቱን ማጠር ትችላለች። የሚወድቀውን መያዝ፣ ጓደኞቿን መሸፈን ትችላለች። ከአራቱ ደካማ ትመስል የነበረችው ሌሎቹን የምታገናኝ ሆነች። ጀግኖቻችሁ አልገጣጠም ካሉ አምስተኛ ከመጨመር በፊት ካሉት የአንዱን ኃይል ትንሽ ማስፋት ይሻላል።

ይህን መንገድ ለመክፈቻ ገጾች ተጠቀሙበት። ለማሳረጊያው ግን አይሆንም።

ውርወራ

አንዱ ሌላውን መሣሪያ ያደርገዋል። የታወቀው ምሳሌ ኤክስ-ሜን ከተባለው የልዕለ ጀግኖች ቡድን ኮሚክስ ነው። በ1976 በወጣው በ100ኛው ቁጥር ኮሎሰስ ዎልቨሪንን አንስቶ ጠላት ላይ ወረወረው። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ስለተጠቀሙበት ፋስትቦል ስፔሻል የሚል ስም ሁሉ ወጣለት።

ለምን እንደሚሠራ አስተውሉ። ኮሎሰስ ብረት የሚሆን ግዙፍ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ሩቅ መድረስ ግን አይችልም። ዎልቨሪን ጥፍር አለው፤ ጠላት ሩቅ ከሆነ ጥፍሩ ዋጋ የለውም። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሰጠዋል። ዋናው ደግሞ ዎልቨሪን ቁስሉ ቶሎ ስለሚድን ሲያርፍ አይሞትም። ለሥዕልም ይመቻል፦ ዎልቨሪን ቁመቱ 160 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን ኮሎሰስ ብረት ሲለብስ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ሁለቱ አንድ ፓነል (የኮሚክስ ገጽ ላይ ያለ አንድ የሥዕል ሳጥን) ውስጥ ሲቆሙ ማን ማንን እንደሚወረውር ያለ ጽሑፍ ይገባል።

ወደ ሲኖው እንመለስ። ጫኙ ማንን ይወርውር? ብዙ ሰው ሯጯን ይላል። ሯጯ ግን ራሷ መድረስ ትችላለች፤ ብትወረወር የጫኙ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። ታዲያ የጭቃውን ልጅ? እሱ ሩቅ መድረስ ይፈልጋል፣ ያ ትክክል ነው። ነገር ግን አስፋልት ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ይደቅቃል። ዎልቨሪን አይደለም።

ሯጯ ታች ሆና ብትቀልበውስ? ገጹ ላይ ያምራል። ግን ገና ከመጀመሪያው አዝላው መሮጥ ትችል ነበር። ጫኙ ለጌጥ ገባ ማለት ነው። «አንዱ ቢቀር» የሚለው ጥያቄ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ ያማረ ነገር ሁሉ የሚያስፈልግ እንዳልሆነ ያጋልጣል።

ስለዚህ ውርወራ ለዚህ ታሪክ አይስማማም። ሁለት ጀግና ብቻ ካላችሁና ቦታ ካጠራችሁ ግን ከእሱ የሚሻል የለም። ሦስት ፓነል ይበቃዋል፦ ሲይዘው፣ አየር ላይ ሲሆን፣ ሲያርፍ። እጁ የት ጋ እንደያዘው በደንብ ሳሉ። ቀበቶውን ነው? ክንዱን ነው? አንባቢ ውርወራውን የሚያምነው በዚያ ነው። ካረፈ በኋላ ደግሞ ብቻውን ጠላት መሀል መሆኑን አትርሱ፤ ታሪኩ የሚጣፍጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

ሰንሰለት

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ አልደብቅም።

በሰንሰለት የአንዱ ሥራ ውጤት ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል። እስካሁን ካየሁት ሁሉ የተራቀቀው በ2019 በኤክስ-ሜን ታሪክ ውስጥ የመጣው፣ የሞቱ ጀግኖችን የሚመልሰው የአምስቱ ቡድን ነው። በዚያ ውስጥ ጎልድቦልስ የሚባል ልጅ አለ። በ2013 ሲፈጠር ኃይሉ ከሰውነቱ ወርቃማ ኳስ ማስፈንጠር ነበር። ኳስ! መሳቂያ ነበር። በ2019 ግን ኳሶቹ ሕይወት ያልዘራባቸው እንቁላሎች መሆናቸው ተገለጠ። ፕሮቲየስ እውነታን የመለወጥ ኃይሉን ተጠቅሞ እንቁላሉን ሕይወት መቀበል የሚችል ያደርገዋል። ኢሊክሰር የተባለው ፈዋሽ ከሟቹ ዲኤንኤ ተነስቶ ሕይወት ያስጀምራል። ቴምፐስ በጊዜ ላይ ባላት ሥልጣን አካሉን እስከሚፈለገው ዕድሜ ታሳድጋለች። ሆፕ ደግሞ የሁሉንም ኃይል ታጎለብታለች፣ እንዲናበቡም ታደርጋለች። የሞተ ጀግና ይመለሳል።

አንዷን ቀለበት አውጡ። ሆፕ ከሌለች አይናበቡም። ቴምፐስ ከሌለች ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ጎልድቦልስ ከሌለ የሚጀመር ነገር የለም። ሲሳቅበት የነበረው ልጅ የመጀመሪያው ቀለበት ሆነ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰንሰለቱ በጣም ስለሰመረ ሞት ዋጋውን አጣ። ጀግናው ቢሞት ነገ ይመለሳል፤ ታዲያ አንባቢ ለማን ይስጋ? ሰንሰለት ስትሠሩ የሆነ ቦታ ላይ የሚያስከፍል ነገር ይኑረው።

አሁን የእኛ ሰንሰለት። በሌሎች አገሮች ቁልቁለት መንገድ ዳር፣ ፍሬን ለበጠሰ ከባድ መኪና ተብሎ ልቅ ጠጠር የተሞላ መውጫ ይሠራል። ጎማው ጠጠሩ ውስጥ እየሰመጠ ይሄድና ፍጥነቱ ያልቃል። የጭቃው ልጅ ከአስፋልቱ ዳር ያለውን አፈር እንዲህ ያለ መውጫ ማድረግ ይችላል። ብቻውን ግን የእግሩን ያህል ቦታ ነው የሚያጨቀየው። ረጅም መስመር እንዲሆን የሚፈጥን ሰው ያስፈልገዋል። ሯጯ ታዝለዋለች። እሱ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ መሬቱን እየነካ ይሄዳል።

አነካኩ ላይ ቆዩ፤ የታሪኩ እምብርት እሱ ነው። ጭቃው ከመጀመሪያው ጥልቅ ከሆነ ሲኖው በአፍንጫው ይተከላል፣ ድንጋዩም ጋቢናው ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ በአንድ ጣት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ጣት። ከዚያ ሙሉ መዳፍ። በዚያ ፍጥነት ጠጠርና ስብርባሪ ጠርሙስ ያለበትን መሬት በመዳፍ መጥረግ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ቆዳው ይላጣል። ጭቃው ቀይ ይሆናል። እጁን ማንሳት ይችላል፣ ግን ካነሳ መስመሩ ይቋረጣል። የሚያስከፍለው ነገር ይህ ነው።

ጫኙስ? ሲኖውን ማቆም አይችልም ብለናል። ኩርባ ላይ አድፍጦ ጠብቆ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ከአስፋልቱ ገፍቶ ማስወጣት ግን ይችላል። አንዴ ብቻ ነው ዕድሉ። ቀድሞ ቢገፋ ሲኖው ጭቃው ገና ያልደረሰበት ዛፍ ላይ ይላተማል፤ ቢዘገይ አልፎት ይሄዳል።

ጥያቄያችንን እንድገመው። ሯጯ ብትቀር ጭቃው አንድ ክንድ ነው። ልጁ ቢቀር ጫኙ ሲኖውን ገደል ሰደደው። ጫኙ ቢቀር ጭቃው ዳር ላይ ተጋድሞ ሲኖው በአስፋልቱ ያልፋል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ሰንሰለት ቦታ ይበላል። እያንዳንዱን ቀለበት አስቀድሞ ማስተዋወቅ ግድ ነው፣ አለዚያ አንባቢ «ይኼ ከየት መጣ?» ይላል። ለዚህ ጥሩ ዘዴ ጀግኖቹን መጀመሪያ እርስ በርስ ማጋጨት ነው። በ2012 በወጣው የአቬንጀርስ ፊልም ቶር አይረንማንን ሊመታ መብረቅ ሲለቅበት የብረት ልብሱ ኃይል ወደ 400 በመቶ ዘለለ። ቶር መዶሻውን የካፒቴን አሜሪካ ጋሻ ላይ ሲያሳርፍ ደግሞ በዙሪያው ያለው ጫካ ተነጠፈ። ሲጣሉ ነው የአንዱ ኃይል ሌላውን ሲነካ ምን እንደሚሆን ያየነው። እናንተም ገጽ 2 ላይ ሯጯን በልጁ ጭቃ ሙልጭ አድርጋችሁ ጣሏት። «አንተ ልጅ! ጫማዬን ምን አደረግኸው?» ትበለው። አንባቢ ይስቃል፣ ጭቃው የሚሮጥን ነገር እንደሚይዝም ሳይታወቀው ያውቃል።

ውሕደት

ሁለት ወይም ሦስት ጀግኖች አንድ አካል ይሆናሉ። ፋየርስቶርም በ1978 እንዲህ ነው የተፈጠረው። በኒውክሌር ጣቢያ ፍንዳታ ሮኒ የተባለ ተማሪና ፕሮፌሰር ስታይን ተዋሐዱ። አካሉን የሚያዘው ተማሪው ነው፤ ዕውቀቱ ያለው ፕሮፌሰሩ ጋ ሲሆን ድምፁ የሚሰማው በሮኒ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቁሳቁስን ከአንዱ ወደ ሌላ መለወጥ ይችላሉ፣ ሕይወት ያለውን ነገር ግን አይችሉም። ሁለቱም ገደቦች ብልህ ናቸው። አንዱ ጭቅጭቅ ይፈጥራል፣ ሌላው ነገሩ ሁሉ ቀላል እንዳይሆን ያደርጋል።

የእኛ ሦስቱ ቢዋሐዱ ሲኖው በአንድ ገጽ ይቆማል። ከዚያስ? ምንም። ኃይሎቹ ሲደመሩ ችግሩ ያልቃል፣ ታሪኩም አብሮ ያልቃል። ለትልቅ ሥዕል ፖስተር ያምራል፣ ለስምንት ገጽ ታሪክ ግን አይመከርም።

ለቀልድ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስት ሰው አንድ እግር ሲካፈል ይታያችሁ።

«ጋሼ፣ እግሬን ይልቀቁልኝ እንጂ!»
«የማንን እግር ነው የምትለው?»
«እግሩ የኔ ነው፤ ሁለታችሁም ዝም በሉ!»

ይህን ለመጻፍ እኔም እጄን ይበላኛል።

በነገራችን ላይ ሳይዋሐዱ የተሳሰሩ ጥንዶችም አሉ። በ1982 የመጡት ክሎክ እና ዳገር አንዱ ጨለማ፣ ሌላዋ ብርሃን ናቸው። እሱ የብርሃን ረሃብ አለበት፣ እሷ ታበላዋለች። ሊለያዩ አይችሉም፤ አንዳንዴም ይመርራቸዋል። የፍቅር ታሪክ ለሚወድ ሠዓሊ ከውሕደት ይልቅ ይህን እመርጥለታለሁ።

ሁሉም ኃይል አንድ ሰው ላይ

ይህ ለክፉው ገጸ ባሕሪ ነው፤ በቃ። አማዞ የተባለው ሮቦት በ1960 ጀስቲስ ሊግ የተባለውን የጀግኖች ቡድን ኃይሎች ቀድቶ መጣ። በ1963 ሱፐር-ስክረል የአራቱን የፋንታስቲክ ፎር ኃይል ለብቻው ይዞ ከተፍ አለ። አራቱ ጀግኖች ኃይሉ ከሩቅ ፕላኔት በጨረር እንደሚላክለት ደረሱበትና ጨረሩን አቋረጡበት። ብቻውን ሁሉን የያዘ ሰው የሚወድቅበት ቀዳዳም አንድ ብቻ ይሆናል፤ ቡድኑ ያንን ይፈልጋል።

ለጀግና ከሰጣችሁት ዋጋ አስከፍሉት። በ1981 የመጣችው ሮግ በነካችው ሰው ኃይል ትጠቀማለች፣ ትዝታውም አብሮ ይገባባታል፣ ስለዚህ ማንንም ማቀፍ አትችልም።

ለእኛ ሰፈር ክፉ ገጸ ባሕሪ የምመኘው ደላላ ነው። ጀግናና ጀግና ያገናኛል፣ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን ይቆርጣል። ኮሚሽኑ በብር አይደለም፣ ከኃይላቸው ነው። ትንሽ በትንሽ። አንድ ቀን ጫኙ ጆንያ ማንሳት ሲያቅተው ደላላው ሲኖ ተሸክሞ ይታያል።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

አራት ገጽ ካላችሁ ውርወራ። ስምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰንሰለት። በየወሩ የሚቀጥል ታሪክ ካሰባችሁም ሰንሰለት፤ ግን በሁለተኛው ክፍል አንዱን ቀለበት አሳምሙት ወይም አስኮርፉት፣ የቀሩት ምን ይውጣቸው። ጎን ለጎን መግቢያ ላይ ይሁን። ውሕደት ለሳቅ። ሁሉም በአንድ ለደላላው።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ አይከብድም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። አይከብድም። «ጀምበር» የተባለው የኢታን ኮሚክስ የልዕለ ጀግና መጽሐፍ በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል፤ የአዲስ አበባ ጀግና ማየት ብርቅ አይደለም። አንድ ጀግና ከተለመደ ቡድን ቀጣዩ ነው።

ሥዕሉን በተመለከተ ለውርወራ ከጥግ እስከ ጥግ አግድመት የሚሄድ ሰፊ ፓነል ስጡት። ሰንሰለት ግን ትንንሽ፣ እኩል፣ የተደረደሩ ፓነሎች ይፈልጋል፦ ጣት፣ ጎማ፣ የጫኙ ትከሻ፣ መዳፍ፣ ጎማ። ዓይን እየዘለለ ይገጣጥመዋል። ታብሌት ያለው በታብሌት ይሳል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ግን መጀመሪያ በእርሳስ ያስቀምጠው።

አራተኛ ጀግና ልጨምር ወይ ለምትሉ፣ ሹፌሩ አለላችሁ። ምንም ኃይል የለውም። ነገር ግን መሪው በእሱ እጅ ነው። ጫኙ ሲገፋው በደመ ነፍስ ወደ አስፋልቱ ከመለሰው የሦስቱ ልፋት ገደል ገባ። ጭቃውን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ በመስኮት የተንጠለጠለው ረዳት ነው። እንደ ልማዱ በሩን በመዳፉ ይደበድባል፦ «ወደ ጭቃው! ወደ ጭቃው አስገባው!» ሹፌሩ ሊያምነው ወይም ላያምነው ይችላል። ጫኙ ከመግፋቱ በፊት ለዚህ አንድ ሙሉ ፓነል ተዉለት።